ከአዲስ አበባ ዳር ጸጥ ያለ የቤተሰብ ሰፈር እንዴት ይመረጣል? ከተመረጠስ በኋላ እንዴት ይገባል?

አያት፣ ሰሚት፣ ለቡ፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ከመሀል ከተማ ጩኸትና ከኪራይ ውድነት ሸሽቶ ልጅ ማሳደጊያ ሰፈር የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ ወደነዚህ አካባቢዎች ያቀናል። አብዛኛው ሰው ቤቱን የሚያየው እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ከደላላ ጋር ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ጸጥ የማይል ሰፈር የለም፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል፣ ሮቶውም ሞልቷል። ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣው ምሬት ግን ብዙ ጊዜ ከአራት ነገር ይነሳል፦ ከመንገድ፣ ከውሃ፣ ከሌሊት ድምፅና ከክረምት። ሴራሚኩና የኩሽናው ካቢኔ ከእነዚህ በኋላ ይታያሉ።

1. ከቤቱ በፊት መንገዱን ይመርምሩ

በአንድ የሥራ ቀን፣ ቢቻል ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ሰፈሩ ውስጥ ይገኙ። ለዚህ ሲባል ዘመድ ቤት ማደር ካስፈለገም ይደሩ። ጉዞዎን ከፌርማታው ሳይሆን ከሚከራዩት ቤት በር ይጀምሩና የእግር መንገዱን፣ ሰልፉን፣ የመጀመሪያውን ታክሲና ቅያሪውን ለየብቻ በደቂቃ ይጻፉ። ሰውን የሚያደክመው ርቀቱ ሳይሆን ሰልፉ እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባዎታል። መነሻ ፌርማታ አጠገብ ያለ ሩቅ ሰፈር፣ መሀል መንገድ ላይ ካለ ቅርብ ሰፈር የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ መሀል መንገድ ላይ የሚደርሰው ሚኒባስም ሃይገርም ሞልቶ ያልፋልና።

ከዚያ ሒሳቡን ይሥሩ። በአንድ ጉዞ ሁለት ታክሲ የሚይዝ ሰው በ22 የሥራ ቀን 88 ጊዜ ይሳፈራል። ባልና ሚስት ሁለቱም ሠራተኞች ከሆኑ 176 ጊዜ ነው። ይህን በታሪፉ አባዝተው የልጆቹን ሰርቪስ ይጨምሩበትና በኪራይ ከሚተርፍዎት ገንዘብ ጋር ያስተያዩት። ተረፈ የተባለው ብር ታክሲ ላይ የሚያልቅ ከሆነ አሁኑኑ ማወቁ ይሻላል።

የማታውንም አይርሱ። ከምሽቱ 2፡30 በኋላ ታክሲ ይሳሳል፤ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ የሚያስገባው ባጃጅም ዋጋ ይጨምራል ወይም ይጠፋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ባለው መስመር ላይ ለሚኖር ሰው ጥሩ ተጨማሪ አማራጭ ነው። ጠዋት ስለሚጨናነቅ ግን ባቡሩን ብቻ ተማምነው ቤት አይከራዩ።

2. የትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ያረጋግጡ

ደላላ ሁሉንም «አዲስ አበባ ነው» ይላል። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከከተማዋ ጋር ቢገጥሙም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ፣ ማለትም በኦሮሚያ ክልል ሥር ናቸው። ኑሮው በዚህ ምክንያት አይከፋም፤ ነገር ግን የነዋሪነት መታወቂያ፣ የኪራይ ውል ምዝገባ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤትና የትምህርት ቋንቋ ሁሉ በዚያው አስተዳደር ይወሰናሉ። ድንበር አካባቢ ከሆነ የጎረቤትን የውሃ ወይም የመብራት ደረሰኝ አይተው ማረጋገጥ ይቻላል።

3. በአራት የተለያየ ሰዓት ይሂዱ

አንደኛው ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ነው፣ ያውም ዓርብ ወይም ቅዳሜ። ግሮሰሪ፣ ጠጅ ቤት ወይም ድምፅ ማጉያ ያለው አዳራሽ ካለ ያኔ ይሰማሉ። ሁለተኛው ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው፤ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ፣ የውሻውም ጩኸት ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ሰዓት ነው። ሌሊት መውጣት ካልመቸዎት የአካባቢውን ዘበኛ ይጠይቁት፤ ከባለቤቱ ይልቅ እሱ እውነቱን ይነግርዎታል። ሦስተኛው በሥራ ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው። ብሎኬት ማምረቻ፣ ብረታ ብረት ቤትና እንጨት ቤት እሁድ ስለማይሠሩ በዕረፍት ቀን የሄደ ሰው ከቤቱ ጀርባ መኖራቸውን እንኳ አያውቅም። የብረት መቁረጫ ድምፅ ሁለት ግቢ አልፎ ይሰማል። ሕፃን የሚያስተኛ ቤተሰብ በዚህ አይደራደር።

አራተኛው ከዝናብ በኋላ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ዙሪያው ገና ያልተገነባ ሜዳ ከሆነ ጸጥታው የጊዜ ጉዳይ መሆኑን ይወቁ፤ ባዶ ቦታ ሁሉ ነገ የግንባታ ቦታ ነው። ኮረብታና ጫካ በሚያዋስኑ ዳርቻዎች ደግሞ ማታ ጅብ ይወርዳል። ከገንዳ የፈሰሰ ቆሻሻ ስለሚጠራው፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን የት እንደሚያከማች አይቶ መከራየት ለሽታ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው።

4. ውሃ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

«ውሃ አለ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት ይመጣል? በመጋቢትና በሚያዝያስ?» ይበሉ። የሚጠይቁትም ባለቤቱን ሳይሆን የጎረቤት ሠራተኛንና የሱቁን ባለቤት ይሁን። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጄሪካን ተደርድሮ ካዩ መልሱን አግኝተዋል።

አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ተጠንቅቆ በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ቢጠቀም በቀን 200 ሊትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አምስት ቀን፣ 2,000 ሊትር የሚይዘው አሥር ቀን ያቆያል። ፈረቃው በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ 1,000 ሊትሩ አይበቃም፤ ልብስ በሚታጠብበት ሳምንትማ ጭራሽ አያስኬድም። ሲሞላ 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን እንደሚመዝን አይርሱ። በቀጭን ብረት ወይም በሰገነት ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ካዩ ማን እንደሠራውና ምን እንደተሸከመው ይጠይቁ።

ሮቶ መኖሩ ብቻም አይበቃም፤ የሚሞላው ኃይል ያለው ውሃ ሲመጣ ነው። ውሃ በየአሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት ያጣል። በአራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይኛው ቤት ሳይደርስ የሚቀረው ለዚህ ነው። ሊፍት ስለሌለም ጄሪካኑን በደረጃ የሚሸከመው ያው የላይኛው ነዋሪ ነው። ከታች የጋራ ታንከርና ፓምፕ ካለ ማን እንደሚያስጠግነውና ወርሃዊ መዋጮው ስንት እንደሆነ የብሎኩን ኮሚቴ ይጠይቁ። ፓምፕን በቀጥታ ከመንግሥት መስመር ላይ መቀጠል ግን ስህተት ነው። የጎረቤትን ውሃ ይስባል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል የአፈርና የፍሳሽ ውሃ ሊገባ መቻሉ ነው። ትክክለኛው አሠራር መስመሩ በራሱ ኃይል መሬት ላይ ያለ ታንከር እንዲሞላ፣ ፓምፑም ከታንከሩ ወደ ላይ እንዲገፋ ማድረግ ነው።

ሲገቡ ሮቶውን ባዶ አድርገው ደለሉን በብሩሽ ያጽዱ። ከዚያ ውሃ ሞልተው ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር 5 በመቶ በረኪና ጨምረው ያሳድሩት፤ ጠዋት ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍተው ያፍስሱት። ይህ ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰልበትም። ማጽዳቱን በዓመት ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ክዳኑ ካልገጠመ ፀሐይ ይገባና አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል።

5. መብራትና ቆጣሪ

ቆጣሪው የቤትዎ ብቻ ነው ወይስ ከሰርቪስ ቤት ተከራዮች ጋር የጋራ? የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለውን ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደምሮ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል፤ ለየብቻ ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ርካሹ ላይ ይቀሩ ነበር። በጋራ ከሆነ አከፋፈሉን በጽሑፍ ያድርጉት። በሰው ቁጥር ማካፈል ምጣድ ያለውንና የሌለውን እኩል ስለሚያስከፍል ጠብ ያመጣል።

የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው ራሱን ችሎ የሚመጣ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ማቋረጫ ይፈልጋል። ሲጎበኙ ባለቤቱ ምጣዱን ወይም ምድጃውን እንዲያበራ ይጠይቁና አምፖሉን ይመልከቱ። በግልጽ ከደበዘዘ ወይ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ወይ ቤቱ የመስመሩ ጫፍ ላይ ነው። የመጀመሪያው በኤሌክትሪሽያን ይስተካከላል። ሁለተኛው ግን ማቀዝቀዣ የሚያቃጥል ችግር ነው፤ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሳይገዙ ፍሪጅ አይሰኩ።

6. ከዝናብ በኋላ የሚታየው

በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ያለው መሬት በብዛት መረሬ ነው። ጥቁሩ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ከሥሩ ያንቀሳቅሰዋል። በልስኑ ላይ ያለ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አያስፈራም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣና ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን የመሠረት እንቅስቃሴ ምልክት ነው። አዲስ ቀለም ሸፍኖት ሊሆን ስለሚችል በሮቹን ሁሉ ከፍተው ይዝጉ፤ አንዱ ጥግ ላይ የሚፋቅ በር ቀለም የደበቀውን ይናገራል።

ውጭ ወጥተው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ይከተሉ። ኮብሉ ወደ በርዎ ያዘነበለ ከሆነ ሐምሌን በአካፋ ያሳልፋሉ። የመንገዱ ቱቦ ክዳን አለው? ክዳን የሌለው ቱቦ በጋ የቆሻሻ መጣያ፣ ክረምት በጎርፍ ተሸፍኖ የልጅ ወጥመድ ይሆናል። የሴፕቲክ ታንኩ የት እንደሆነና መጨረሻ የተመጠጠው መቼ እንደሆነም ይጠይቁ። መጣጩ መኪና እስከ በሩ መግባት የማይችልበት ጠባብ መንገድ ከሆነ ወጪው ሌላ ነው።

7. ውል

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ «የስድስት ወር በአንድ ጊዜ» የሚል አከራይ ከሕጉ ውጭ እየጠየቀ ነው። ኪራዩንም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይክፈሉ። አንዳንድ አከራይ ግብር ለመቀነስ ውሉ ላይ አነስተኛ ዋጋ ጽፎ ቀሪውን በእጅ መቀበል ይፈልጋል። ነገ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ የሚኖርዎት ለተጻፈው ብቻ ስለሆነ ባይስማሙ ይመረጣል።

ውሉ ላይ ሳይጻፉ የሚቀሩት ጥቃቅኖቹ ናቸው፤ በኋላ የሚያጣሉትም እነሱ። ፓምፕ ቢበላሽ፣ ሴፕቲክ ቢሞላ፣ ጣሪያ ቢያፈስ ማን ይከፍላል? በገቡበት ቀን ቆጣሪው ስንት ላይ ነበር? ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

8. የመጀመሪያው ወር

ከለቀቁበት ወረዳ መሸኛ ይዘው ይምጡ፤ ያለሱ መታወቂያ ማዛወር ይጓተታል። ልጆች ካሉ ዝውውሩን በሐምሌና በነሐሴ ይጨርሱ፤ መስከረም ላይ ጥሩዎቹ ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል።

ቀጥሎ ዕድሩ ነው። ዳገት ሆኖ የሚታየው «ገና ተከራይ ነኝ» የሚለው ሐሳብ ነው፤ ሐዘን ግን ባለቤትና ተከራይ አይለይም። ጸሐፊውን ፈልገው አራት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ተከራይ ይቀበላሉ? መግቢያው ስንት ነው? ከገቡ ስንት ወር በኋላ ነው አገልግሎቱ የሚጀምረው? ቀብር ወይም ስብሰባ የቀረ ስንት ይቀጣል? የቆየ ዕድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ስላፈራ መግቢያው ከወርሃዊ መዋጮው በብዙ እጥፍ ቢሆን አይደንግጡ፤ የንብረቱ ድርሻ ነው። መተዳደሪያ ደንቡን ወስደው ያንብቡ፤ የማን ወላጅ፣ የማን ወንድም እንደሚካተት የሚለያየው እዚያ ላይ ነው። ከለቀቁ በኋላ መዋጮው ይመለስ እንደሆነም ያስረዳል።

የዘበኛው መዋጮ በየወሩ በቤት ተሰብስቦ ይከፈላል። አንድ ቤት ሲያስቀር ሌላውም ያስቀራል፤ በሦስተኛው ወር ዘበኛው ይሄዳል። ስለዚህ ሳይጠየቁ ቀድመው ይክፈሉ። የሌሊቱን ጸጥታ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ በግ የሚታረደው፣ ለሐዘን የሚቀመጠውና ድግስ የሚደገሰው ለነዋሪው የጋራ አገልግሎት ለብቻው በተሠራው ሕንፃ ነው። ለበዓል ሰዓት የሚያዘው ቀድሞ ነውና ከሳምንት በፊት ኮሚቴውን ያነጋግሩ፤ በዋዜማው የሚመጣ ሰው ደረጃ ላይ ማረድ ይጀምርና ከታች ካለው ጎረቤት ጋር ለዓመት ይኮራረፋል።