ፓምፑ አየር ሲተፋ

ጥልቅ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሰብመርሲብል (ከነሞተሩ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ) ፓምፕ ሲነሳ ውሃው ቧንቧውን ሞልቶ ይመጣል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ይቆራረጣል፣ ወተት መስሎ ይነጣል፣ ያስለዋል። የቦርዱ አምፔር ሜትር መርፌ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። ዘበኛው አጥፍቶት ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ቢያስነሳው ደግሞ እንደ ጤነኛ ይሠራል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ፓምፑ ደክሟል፣ ከፍ ያለ ይገዛ» ነው። አንድ ቀበሌ ተዋጥቶ ገዛ፤ ሃያው ደቂቃ ስምንት ሆነ።

መንስኤው፦ ፓምፑ የሚያወጣው ወደ ጉድጓዱ ከሚገባው ይበልጣል። የውሃው ልክ እየወረደ ፓምፑ አፍ ላይ ሲደርስ አየር ይስባል። የድፍድፍ ነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞችም ያው ጣጣ አለባቸው፤ በዘንግ የሚሠራው ፓምፕ ሲሊንደሩ በግማሽ ሲሞላ ፒስተኑ ወርዶ ፈሳሹን ይመታና ዘንጉ በሙሉ ይናጋል። እነሱ ፓምፑን አቁመው ጉድጓዱ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። የእኛው ግን ድምፁም ሳይሰማ ሞተሩን ያቃጥላል።

በግምት ከመሥራት ዲፕ ሜትር (የውሃውን ጥልቀት የሚለካ ገመድ) አውርዱና ከርክክብ ወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ወረቀቱ ስታቲክ (ፓምፑ ቆሞ ውሃው ያለበት ጥልቀት) 42 ሜትር፣ በሰከንድ 6 ሊትር ሲሳብ ዳይናሚክ (እየተሳበ ያለበት ጥልቀት) 72 ይላል እንበል። ልኩ 30 ሜትር ወርዶ 6 ሊትር ሰጠ፤ ለአንድ ሜትር 0.2 ሊትር ማለት ነው። ዛሬ ስታቲኩ እዚያው ሆኖ 4 ሊትር ለመሳብ ልኩ 82 ከደረሰ፣ ለሜትር የቀረው 0.1 ነው። ስክሪኑ (ውሃ የሚያስገባው የጉድጓዱ ወንፊት ቧንቧ) በዝገት ወይም በኖራ ሳይደፈን አልቀረም፤ ጉድጓዱ ይታጠብ። ስታቲኩ ራሱ ከወረደ ግን የከርሰ ምድር ውሃው ነው የሸሸው፣ ማጠብ አይመልሰውም። ስታቲኩም ለሜትር የሚሰጠውም ካልተለወጡ ጥፋቱ የፓምፕ ምርጫው ነው።

ለዛሬ ጌት ቫልቩን (የመውጫ ቧንቧውን መዝጊያ) ቀስ እያላችሁ ጥበቡ፤ ልኩ ከፓምፑ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ሲረጋ አቁሙ። ጠብታ እስኪቀር ግን አትዝጉት፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አጠገቡ የሚያልፈው ውሃ ነው። ቫልቭ ማጥበብ የከፈላችሁበትን ኃይል እዚያው ማነቅ ስለሆነ የዘለቄታ መፍትሄ አይሆንም። ፓምፑን ወደ ስክሪኑ ማውረድንም እኔ አልመክርም፣ አሸዋ ይስባል።

ዘላቂው ነገር በዝግታ ረዘም አድርጎ መሳብ ነው። በዚያው 0.2 ስሌት 8 ሊትር ለ6 ሰዓት ብትስቡ ልኩ 82 ሜትር ይደርሳል፤ 4 ሊትር ለ12 ሰዓት ብትስቡ 62 ላይ ይቆማል። ውሃው በሁለቱም 172,800 ሊትር ነው፤ ለዚሁ መጠን የተመረጠ ፓምፕ ካላችሁ ለማንሳት የሚጠፋው ኃይል ሩብ ያህል ይቀንሳል።

ኢንቨርተር (የመብራቱን ኸርዝ የሚለዋውጥ መሣሪያ) ገጥሞ የሞተሩን ፍጥነት መቀነስም ይቻላል፣ ግን ተጠንቀቁ። ከ50 ወደ 40 ኸርዝ ሲወርድ የፓምፑ የማንሳት አቅም ወደ 64 በመቶ ይወድቃል። ቢበዛ 120 ሜትር የሚያነሳው 77 ላይ ይቀራል። ውሃው 62 ሜትር ላይ ሆኖ ታንከሩ 20 ሜትር ከፍ ካለ ሞተሩ ይዞራል እንጂ ጠብታ አይወጣም።

ልኩ እምብዛም ሳይወርድ ውሃው ካነሰስ? ጉድጓዱን ተዉትና የተበሳ ቧንቧ ወይም የተበላ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው የፓምፑ ተሽከርካሪ) ፈልጉ። ችግሩ የጀመረው ጄኔሬተር በተቀየረ ማግስት ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ወደ ኋላ እየዞረ ይሆናል፤ ኃይሉን አጥፍታችሁ ከሦስቱ ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመሮች) ሁለቱን አቀያይሩ።