ጣና ውስጥ ቪዲዮ ለመቅረጽ ካሜራ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ውሃ ውስጥ ካሜራ የሚነገረው ምክር በአብዛኛው ለባሕር የተሠራ ነው። 20 ሜትር ማዶ ያለው ነገር ለሚታይበት፣ ሰማያዊና ጨዋማ ለሆነ እንደ ቀይ ባሕር ላለ ውሃ ማለት ነው። ጣና ሌላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ጨው አልባ ሐይቅ ሲሆን ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ ውሃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድፍርስ ነው። እዚህ ካሜራ ይዞ የሚገባ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ልዩነት ሳያስብ በመግዛቱ ነው።

ውሃውን ሳይለኩ ካሜራ መግዛት

የሁሉም ስህተት ሥር ይህ ነው። መለኪያው ርካሽ ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ሰሃን፣ ከሥሩ የሚታሰር ክብደትና በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገበት ገመድ ይበቃል። ከጀልባው ጥላ በወደቀበት ጎን ሰሃኑን ቀስ እያሉ ያውርዱት። ዓይንዎ ሲያጣው ገመዱን ይያዙና ጥልቀቱን ያንብቡ፤ ከዚያ መልሰው እየሳቡ እንደገና የታየበትን ያንብቡ። የሁለቱ አማካይ የዚያ ሰዓት የውሃ ጥራት ነው። ጣና ላይ ይህ ቁጥር 2 ሜትር ቢሞላ ዕድለኛ ነዎት።

ከ50 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ በዚያ ቀን መጥለቁን ይተዉት። በ50 ሳንቲ ሜትርና በ1 ሜትር መካከል ከሆነ የሚያዋጣው የቅርብ ምስል ብቻ ነው። ከ1 ሜትር ካለፈ ሰፊ ሌንስ ይዞ መግባት ይቻላል።

በክረምት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የእርሻውን አፈር ጠርገው ስለሚያስገቡ ውሃው ወደ ቡናማ ይቀየራል። በበጋም ቢሆን ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ የተኛውን ደለል ያነሣዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ፣ ነፋሱ ሳይነሣና ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ፣ ለቀረጻ ከሁሉ ይሻላል። ሰሃኑን ዘጌ ዳር ከለኩ በኋላ የዳጋ እስጢፋኖስን አካባቢ በዚያው ቁጥር መገመት ግን አይቻልም፤ የወንዝ አፍና የነፋስ አቅጣጫ ውሃውን ከቦታ ቦታ ይለያዩታል።

ከሩቅ ለመቅረጽ የሚያስችል ሌንስ መምረጥ

«አሳው ይሸሻል፣ ስለዚህ በዙም ልቅረበው» የሚለው ሐሳብ የብስ ላይ ያስኬዳል። ውሃ ውስጥ ዙም የሚያቀርበው አሳውን ብቻ አይደለም፤ በመካከል ያለውን ደለል ሁሉ አብሮ ያጎላዋል። ለምስል ጥራት ወሳኙ ነገር በሌንሱና በሚቀረጸው መካከል ያለው የውሃ መጠን ነው። ቀረሶ ወይም አምባዛ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት በሰፊ ሌንስ ሲቀረጽ ጥርት ይላል፤ ያው አሳ በ1 ሜትር ተኩል ላይ ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው በጣም ሰፊ ሆኖ በጣም ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ የሚያሳይ ሌንስ ነው።

ሃውዚንግ የሚባለው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ፊቱ ላይ ያለው መስኮት እዚህ ላይ ብዙ ይወስናል። ጠፍጣፋ መስኮት ብርሃኑን ስለሚሰብረው እይታውን ያጠባል፤ የብስ ላይ 90 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ ውሃ ውስጥ 64 ዲግሪ ገደማ ብቻ ያያል፣ የምስሉ ጠርዝም ይዛባል፣ ቀለማቱም ጠርዝ ላይ ይለያያሉ። የሌንሱን ስፋት የሚመልሰው ዶም የሚባለው ጉልላት ቅርጽ ያለው መስኮት ነው። ዶም ግን የራሱ ጣጣ አለው። የዶሙ ሬዲየስ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሩቅ ያለው ነገር ሁሉ ለሌንሱ ከዶሙ ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ያለ መስሎ ነው የሚታየው። በቅርብ ፎከስ ማድረግ የማይችል ሌንስ ዶም ውስጥ ሲገባ ምንም ቢደረግ ብዥ እንዳለ ይቀራል። ሌንሱን ከመግዛትዎ በፊት የቅርብ ፎከስ ርቀቱን ይዩ። የምስሉ ማዕዘኖች እንዳይደበዝዙም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ (አፐርቸር) ወደ ኤፍ 8 ወይም ከዚያ በላይ ወደሆነ ቁጥር ማጥበብ ያስፈልጋል።

አንድ መሣሪያ ለብዙ ሥራ ከተፈለገ የእኛ ምርጫ ጠፍጣፋ መስኮት ሆኖ ከፊቱ 67 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው፣ ውሃ ውስጥ እንዳሉ የሚገጠምና የሚነቀል ተጨማሪ ሌንስ የሚቀበል ነው። አንድ የሚያሰፋ፣ አንድ የሚያጎላ ይያዙ። ሰፊ ሆኖ የገባው ካሜራ ሳይወጣ የቅርብ ካሜራ ይሆናል፤ ለምሳሌ ድንጋይ ላይ የሚያድገውንና በጣና ብቻ የሚታወቀውን ማኬዲያ ታነንሲስ የተባለ ስፖንጅ ለመቅረጽ የሚያጎላው ግድ ነው። ሲገጥሙ በሁለቱ መስተዋቶች መካከል የተያዘውን አየር ሌንሱን ላላ አድርገው፣ ዘንበል አድርገው ያስወጡት፤ አንድ አረፋ የምስሉን ግማሽ ያበላሻል።

አክሽን ካሜራ ሁሉን ይችላል ብሎ ማመን

ጎፕሮና መሰሎቹ ለጣና ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ሰፊ ያያሉ፣ ትንሽ ናቸው፣ ዋጋቸውም ይቻላል። ችግራቸው ፎከሳቸው አለመንቀሳቀሱ ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር በጣም ከቀረቡ ምስሉ ብዥ ይላል፤ ጣና ደግሞ ከዚያ በታች እንዲቀርቡ ያስገድድዎታል። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ብዥታው የሚታወቀው ቤት ገብተው ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት ነው። መፍትሔው ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ርቀት ፕላስ 5 ዲዮፕተር (የማጉያ ኃይል መለኪያ) አካባቢ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ላለ ነገር ደግሞ ፕላስ 10 የሆነ ማጉያ ሌንስ መጨመር ነው።

ለጥልቀት መክፈል

100 ሜትር የሚችል ሃውዚንግ 14 ሜትር ለሆነ ሐይቅ ትርፍ ወጪ ነው። 40 ሜትር የሚለው ይበቃል። በተቃራኒው ጎፕሮ ሂሮ 12 ያለ ሃውዚንግ 10 ሜትር ይችላል ስለተባለ እርቃኑን ይዞ መጥለቅም አይገባም፤ የባትሪው በር ላይ የተቀመጠች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ያንን ቁጥር ዋጋ ታሳጣዋለች።

ቀይ ፊልተር መግጠም

ሰማያዊ ባሕር ውስጥ ቶሎ የሚጠፋው ቀይ ብርሃን ስለሆነ ቀይ ፊልተር ይረዳል። ደለልና የበሰበሰ ቅጠል ያቀለመው ውሃ ግን አስቀድሞ የሚውጠው ሰማያዊውን ነው። ጣና ላይ ቀይ ፊልተር የገጠመ ሰው ይዞ የሚወጣው ብርቱካናማ ጭቃ ነው፤ በዚያ ላይ ፊልተሩ ከነበረችው ጥቂት ብርሃን ይቀንሳል። አልጌ በዝቶ ውሃው አረንጓዴ በሆነበት ወቅት ማጀንታ (ሮዝማ ወይንጠጅ) ፊልተር ሊሞከር ይችላል። ከዚያ ውጪ ፊልተሩን አውጥተው፣ በሚቀርጹበት ጥልቀትና ርቀት ላይ ግራጫ ካርድ ይዘው ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በእጅ ያስተካክሉ። አውቶማቲኩ ደለል ባለፈ ቁጥር ቀለሙን ስለሚቀያይር ኤዲቲንግ ላይ ያሠቃያል።

ትልቅ መብራት ገዝቶ ካሜራው አናት ላይ ማሰር

ብርሃኑ ከሌንሱ አጠገብ ሲነሣ በመካከል ያለውን ደለል ሁሉ አብርቶ ይመልሰዋል። ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት እንዳበራ ሾፌር፣ የሚያዩት መንገዱን ሳይሆን ጉሙን ነው።

ሁለት መብራት ይያዙ፤ እያንዳንዳቸው ከ1,500 እስከ 2,500 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ቢሆኑ ለዚህ ርቀት በቂ ናቸው። ከሉመኑ ይልቅ በደረጃ መቀነስ መቻላቸው፣ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ መበተናቸውና ሲአርአይ የሚባለው የቀለም ታማኝነታቸው ከ90 በላይ መሆኑ ይበልጣል። በግራና በቀኝ ከሌንሱ ፊት ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስቀምጧቸውና ወደ ውጭ ትንሽ ያዙሯቸው፤ የብርሃኑ መሐል ሳይሆን ጠርዙ ብቻ አሳው ላይ ይረፍ። በጣም ቅርብ ለሆነ ነገር ግን መብራቶቹን ከጎኑ ወደ እሱ ማስጠጋት ይሻላል። ደለሉ ካስቸገረ መጀመሪያ ብርሃኑን ይቀንሱ። እኩለ ቀን አካባቢ በ2 ሜትር ጥልቀት አጥፍቶ መሞከርም አይከፋም፤ ብዙ ጊዜ የፀሐዩ ምስል ያሸንፋል። ጀልባ ላይ አብርተው አይተዉዋቸው፤ የሚያቀዘቅዛቸው ውሃው ነው።

የባሕሩን የክብደት ሚዛን ይዞ መምጣት

ጨዋማ ውሃ ከጣና ውሃ በ2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ባሕር ውስጥ ሳይሰጥምም ሳይንሳፈፍም ይቆም የነበረ፣ 10 ሊትር ቦታ የሚይዝ መሣሪያ እዚህ 250 ግራም ያህል ይከብዳል፤ ያ ክብደት አንጓን ያደክማል፣ ምስሉንም ያንቀጠቅጣል። መብራቱን ከካሜራው ጋር በሚያያይዘው ክንድ ላይ ተንሳፋፊ ይጨምሩ። ለራስዎ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከነመሣሪያው 100 ኪሎ የሚሆን ጠላቂ ከወገቡ እርሳስ 2.5 ኪሎ ያህል መቀነስ አለበት። ሳይቀንስ የገባ ሰው ታች ሲደርስ ደለሉን በጫማው ያነሣና የቀኑን ሥራ ያበላሻል።

ክንዱ የተንሰራፋ መሣሪያ

ጣና የአሳ አስጋሪዎች የሥራ ቦታ ነው። ቀጭኑ የናይለን መረብ በድፍርስ ውሃ ፈጽሞ አይታይም። ረጅም ክንድ፣ የተንጠለጠለ ገመድና ወጣ ያለ ቡሎን ሁሉ መረብ ይለቅማል። ክንዶቹን አሳጥሩና አንድ መያዣ ብቻ ተዉ፤ ካሜራውን በመንጠቆ ደረትዎ ላይ ያያይዙ፣ መቁረጫም በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይያዙ። ካሜራው ከእጅ ካመለጠ ጭቃው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም። ከመግባት በፊት መረብ የት እንደተጣለና ጉማሬ የት እንዳደረ የሚያውቁት አሳ አስጋሪዎቹ ስለሆኑ እነሱን ይጠይቁ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና በወንዞች አፍ ግን ባይገባ ነው የሚሻለው።

ሃውዚንጉን ፀሐይ ላይ መዝጋት፣ ዘግቶም በአውሮፕላን መላክ

የባሕር ዳር ሞቃት አየር ሣጥኑ ውስጥ ከተዘጋበት፣ ቀዝቀዝ ያለው ውሃ ውስጥ ሲገባ እርጥበቱ መስተዋቱ ላይ ይጤዛል። ጠዋት በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጨምረው ይዝጉት፤ ጀልባ ላይም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑት። ኦሪንጉን፣ ማለትም ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ በጣት ዳሰው ፀጉርና አሸዋ ያስወግዱ። ቅባቱ አምራቹ የሰጠው ይሁን፣ ላዩ ላይ ሲያብረቀርቅ ይበቃል፤ ብዙ ቅባት አሸዋ ይስባል።

በባሕር ጠለል ከፍታ የተዘጋ ሃውዚንግ ጣና ሲደርስ የውስጡ ግፊት ከውጭው ይበልጣል፤ ልዩነቱ 2 ሜትር ውሃ ከሚጫነው ጋር ይተካከላል። ማለትም 2 ሜትር እስኪጠልቁ ድረስ በሩ የሚገፋው ወደ ውጭ ነው። ሲጓጓዝ ክፍት ይሁን፣ ኦሪንጉም ይነቀል። አየሩን በፓምፕ ስቦ መፍሰስን የሚጠቁም መሣሪያ ካለው ሐይቁ ዳር ያብሩት፣ አየሩን ስበው ጥላ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይተዉት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ የሞቀው አየር ግፊቱን ስለሚለውጥ ያለ ምክንያት ይጮኻል።

ስለ ፋይሉ አለማሰብ

በሚዋልለው ደለል ምክንያት ለካሜራው እያንዳንዱ ፍሬም አዲስ ምስል ነው፤ ዝቅተኛ ቢትሬት (በሰከንድ የሚቀመጥ የመረጃ መጠን) ላይ ሁሉ ነገር ወደ ካሬ ካሬ ይበታተናል። በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት አይውረዱ፤ ካሜራው ኦል ኢንትራ (እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው የሚያስቀምጥ አሠራር) ካለው እሱን ይምረጡ። ተከታታይ አውቶፎከስን ያጥፉ፣ አሳውን ትቶ ደለሉን ያሳድዳልና። ያው ካሜራ ታንኳ ቀዛፊውንና የገዳሙን ግድግዳ ሥዕልም የሚቀርጽ ከሆነ በ25 ወይም በ50 ፍሬም ይሥሩ፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬም የተቀረጸ የቤት ውስጥ ምስል ሊያርገበግብ ይችላል።

«ጨው ስለሌለው ማጠብ አያስፈልግም»

ደለሉ ቁልፎቹ ሥር ይደርቅና ኦሪንጋቸውን ይፈትጋል። ንጹሕ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ነክረው ቁልፎቹን ሁሉ ይጫኑ። ዝግጅቱንም ሆነ እጥበቱን ደንገሉ ሥር ቆመው አያድርጉት፤ የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት፣ አስተላላፊው ቀንድ አውጣም የሚወደው ሣር ያለበትን ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ሥራው ጀልባ ላይ ይሁን።

ዘንግ በሚበቃበት ቦታ ስኩባ መልበስ

የስኩባን፣ ማለትም የጠላቂን መተንፈሻ፣ የአየር ሲሊንደር የሚሞላበትን ሳያረጋግጡ ወደ ባሕር ዳር አይነሡ። እውነቱን ለመናገር ለብዙው የጣና ቀረጻ ጠላቂ አያስፈልግም። 3 ሜትር የሚሆን የአሉሚኒየም ዘንግ ጫፍ ላይ አክሽን ካሜራ አሥሮ ከቆመ ጀልባ ማውረድ አረፋም አያወጣም፣ ደለልም አያነሣም፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ያስቸገረውን የእምቦጭ ሥር ከታች ለማሳየትም በደኅና የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው። የስልክና የካሜራው ዋይፋይ ውሃ ውስጥ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በላይ ስለማይሄድ መጀመሪያ ቀረጻውን አስጀምረው ያውርዱት።

መጥለቅ ግድ ከሆነ ጥልቀትና ሰዓት የሚቆጥረው የጠላቂ ኮምፒውተር ከፍታውን ማወቁን ያረጋግጡ፤ ለባሕር የተዘጋጀ የመጥለቂያ ሠንጠረዥ 1,800 ሜትር ላይ እንዳለ አይሠራም። በዚያው ቀንም መኪና ይዘው ወደ አዲስ አበባ አይነሡ፤ የጎጃም ደጋና ከአባይ በረሃ ወዲያ ያለው መንገድ ከሐይቁ በብዙ መቶ ሜትሮች ስለሚበልጥ ለሰውነት እንደ በረራ ነው፤ ከመጥለቅ በኋላ ቶሎ ወደ ከፍታ መውጣት ደግሞ ለጠላቂ አደገኛ ነው። ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆዩ፤ ባትሪ መሙላቱም ፋይል መገልበጡም በዚያ ጊዜ ያልቃል።