ረጅም ሞተር ላይ ስትወጡና ስትወርዱ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሰሞኑን ባሕር ዳር ኮብልስቶን ላይ አንድ ገና መስክ የተመደበ ልጅ ከነሞተሩ ሲወድቅ አየሁ። እየነዳ አልነበረም፤ ሊወርድ ነበር። እግሩ ሞተሩ ሥር ቀርቶ አራት ሰው ተጋግዞ አወጣው። ወደ ወረታ፣ ወደ ዘጌ፣ ወደ ጢስ ዓባይ ስመላለስ ካየኋቸው አወዳደቆች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ሞተሩ ቆሞ፣ ሰውየው አንድ እግሩን አንሥቶ።

የፊት ፍሬን ሳይይዙ መውጣት። መጀመሪያ ቀኝ እጅ ፍሬኑን ይያዝ፣ ከዚያ እግር ይነሣ።

ሁለቱንም እግር መሬት ለማድረስ መታገል። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ! የያማሃውን ዲቲ የመሰለ ሞተር መቀመጫው ከመሬት ከ80 ሳንቲሜትር በላይ ይርቃል። አጠር ያለ ሰው መሐል ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ላድርስ ሲል በእግሩ ጣቶች ይንጠለጠላል። ከነነዳጁ ከ100 ኪሎ የሚበልጥ ሞተር ደግሞ በጣት አይያዝም፤ ትንሽ ካጋደለ አለቀ። አንድ እግር ይበቃል! ልትቆሙ ስትሉ መቀመጫችሁን ወደ ግራ አንሸራትቱ፤ ግራ እግራችሁ ከነተረከዙ መሬት ይርገጥ፣ ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ ይቆይ። ሞተሩ በመጠኑ ወደ ግራ ቢያዘነብል አትደንግጡ፣ የምትፈልጉት እሱን ነው። ቁመቷ ትከሻዬ የማይደርስ አንዲት የጤና ባለሙያ «ሞተር ላንቺ አይሆንም» ተብላ መጣችብኝ። ከሰዓቱን ሙሉ ይህንኑ ብቻ ስንደጋግም ዋልን። ዛሬ ፎገራን በሞተር ታዳርሳለች።

የሚረግጡትን ሳያዩ መቆም። እግር የምታወርዱበት ጎን ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ረጅሙም ሰው አጭር ይሆናል። የአስፋልት ዳር፣ የውኃ መውረጃ ቦይ አፍ፣ የተነቀለ ኮብልስቶን ካለበት ሁለት ሜትር አልፋችሁ ቁሙ። ዓይናችሁ ቦታውን ከመቆማችሁ በፊት ይምረጥ።

ማቆሚያውን ማመን። ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ፎገራ ላይ በክረምት፣ ሩዝ ማሳ ዳር ሞተሩን በጎን ማቆሚያው ደግፌ ወረድኩ። ዋልካው ከላይ ደርቆ ቅርፊት ይዟል፣ ጠንካራ ነው የሚመስለው። አሥር እርምጃ ሳልራመድ የማቆሚያው ጫፍ ቅርፊቱን በስቶ ገባ፣ ሞተሩም ቀስ ብሎ በግራ ተጋደመ። የፍሪሲዮኑ እጀታ ከሥሩ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ከሻንጣዬ መዳፍ የምታክል ጠፍጣፋ እንጨት አትለይም፤ ማቆሚያው ሥር አደርጋታለሁ። ተዳፋት ላይ ደግሞ የሞተሩን ፊት ወደ ዳገቱ አዙሩና አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ተዉት። ፊቱ ወደ ቁልቁለቱ ከሆነ ወደፊት ሲንሸራተት ማቆሚያው ይታጠፍበታል።

ኤጂ የሚባለውን የያማሃ ሞተር የምትነዱ፣ ሞተራችሁ በሁለቱም ጎን ማቆሚያ አለው። የግራውን አጥፎ የቀኙን ረስቶ የሚነሣ ሰው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ማቆሚያው መሬት ይነክስበታል።

ከኋላ ጀሪካን ወይም ማዳበሪያ ተጭኖ እግርን ወደ ኋላ አዙሮ መውጣት። ጫማችሁ ጭነቱን ይመታና ተያይዛችሁ ትወድቃላችሁ። በቅሎ እንደምትወጡ ሁኑ፤ ግራ እግር እንደ እርካብ መርገጫው ላይ፣ ደረት ወደ መሪው፣ ቀኝ ጉልበት ታጥፎ ከጭነቱ ፊት በመቀመጫው ላይ ይለፍ። ይህ የሚሆነው ግን መሬቱ ጠንካራ፣ ማቆሚያውም እስከ መጨረሻው የተዘረጋ ሲሆን ብቻ ነው።

የኋላ ተሳፋሪ ሳይነገረው መውጣትና መውረድ የለበትም። ሲወጣ ከእናንተ በኋላ፣ ሲወርድ ከእናንተ በፊት፣ ሁልጊዜም በግራ፤ በቀኝ በኩል የጋለው ማርሚታ (ጭስ ማውጫው) ባት ይልጣል። እናቶችን ስትጭኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ጫፉን እንዲቀመጡበት በትሕትና ጠይቁ። «በሉ እናቴ፣ አሁን ይውረዱ» እስክትሉ ድረስ እንዳይነቃነቁም ንገሯቸው።

ሞተሩ ካጋደለና ከከበዳችሁ ልቀቁት፣ ከሥሩም ሽሹ። እግር አስገብቶ ለማትረፍ መሞከር ቁርጭምጭሚት ያስከፍላል። ከወደቀ በኋላ ሞተሩን አጥፉ፣ ነዳጁን ዝጉ፣ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ በወገብ ሳይሆን በጭናችሁ ግፉት። የወደቀው በቀኝ ጎኑ ከሆነ ከማንሣታችሁ በፊት የግራውን ማቆሚያ ዘርጉ፤ አለዚያ ገና ሲነሣ በግራ በኩል ይደግመዋል።