ጠገራ ብር ላይ ያለን ጉዳት እንዴት መለየት ቻልኩ

እዚህ ባሕር ዳር የብር ጌጥ ከሚሸጡ ሰዎች ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም፣ ይገኛል። ችግሬ በአገልግሎት ያለቀውን ከተጎዳው መለየት ነበር። አሁን ተፈቷል፤ ለጀማሪ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

መፍትሔው ብርሃን ነው። ከላይ ሳይሆን ከጎን። የስልኬን መብራት ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ሳንቲሙን ቀስ እያልኩ ሳዟዙረው፣ ፊት ለፊት ሲያዩት የተደበቀው ጭረት ሁሉ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። በእጅ ብዛት ያለቀ ሳንቲም ቀድሞ የሚለሰልሰው ከፍ ያለው ቦታው ነው፤ ለምሳሌ የማርያ ቴሬዛ ጸጉር። ጭረት ግን ከፍታ ዝቅታ አይመርጥም። መስመሩ ወደ ውስጥ ከገባ ጭረት ነው። አበጥ ብሎ ከወጣ ግን ብዙውን ጊዜ የማተሚያው ብረት ሲሰነጠቅ የመጣ ነውና ጉዳት አይባልም።

ከዚያ ጠርዙን እዩ። አገራችን ውስጥ ጠገራ ብር የአንገት ጌጥም ሆኖ ኖሯል፤ ማንጠልጠያው ተነቅሎ የሚሸጥ ያጋጥማል። ጠርዙ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለው። ፊደሉ አንድ ቦታ ላይ ተደፍኖ ወይም ተሞርዶ ካገኛችሁት ብየዳ ነበረበት ማለት ነው። ሚዛንም ይመሰክራል፤ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፣ በጣም ከጎደለ ተጠራጠሩ። 1780 የሚለው ዓመት ግን ዕድሜውን አይነግራችሁም፤ በኋላ የታተሙትም ያንኑ ይዘዋል።

አደራ፣ እንዳትፈትጉት! በአመድ የተፈተገ ሳንቲም ያብረቀርቃል፣ የጎን ብርሃን ሲያርፍበት ግን ገጹ በደቃቅ ጭረት ተሞልቶ ታዩታላችሁ፣ እሱ ደግሞ አይመለስም።