ኤሌክትሪክ መኪናችሁ ስር ጠብታ ስታዩ

«ጋሼ፣ መኪናዬ ኤሌክትሪክ ናት፣ ዘይት የላትም። ታዲያ ከስር የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?» የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይሄ ጥያቄ ከጋራዣችን በር ጠፍቶ አያውቅም። በቴሌግራም ፎቶ የሚልኩልኝም አሉ። አስፋልት ላይ ያለ እርጥብ ነገር ፎቶውን አይቶ ይሄ ነው ማለት አይቻልም። እችላለሁ የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁም አትመኑት።

ዘይት የላትም የሚባለው ግማሹ ብቻ ነው እውነት። የሞተር ዘይት የላትም። መሪዋም በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የመሪ ዘይት የላትም። ሞተሩንና ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ እንዲስማማ የሚቀይረውን) የሚያቀዘቅዝ ኩላንት ግን አላት። የፍሬን ዘይት አላት። የሞተሩን ፍጥነት ቀንሶ ለጎማ የሚያደርስ ትንሽ ካምቢዮ አላት፣ እሱም ውስጥ ዘይት አለ። አሞርዛተሩ ውስጥም አለ። የመስታወት ማጠቢያ ውሃውና የኤሲው ነገር ሲጨመር ከስር ሊንጠባጠብ የሚችለው ብዙ ነው።

ከዲኤክስ እስከ ቪትዝ ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ። የነዳጅ መኪና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ቀለሙን ነበር። ኤሌክትሪክ ሲሆን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ ነው የሚንጠባጠበው?» ብዬ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በነዳጅ መኪና ሞተር ካልተነሳ የውሃ ፓምፑም አይዞርም። የኤሌክትሪኳ ፓምፕ ግን ራሱን የቻለ ነው፤ መኪናዋ ግቢ ቆማ ቻርጅ ስታደርግም ይሠራል። እናንተ ተኝታችሁ እሷ ኩላንት እያዞረች ልታድር ትችላለች። ስለዚህ ከሩጫ በኋላ ነው? ኤሲ ከተከፈተ በኋላ ነው? ወይስ ቻርጅ አድርጋ ስታድር? ይሄን ይዛችሁ ከመጣችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

በቅድሚያ ንጹሕ ውሃን ከጨዋታ እናስወጣው። ኤሲ ሲሠራ ከአየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ውሃ አድርጎ በቱቦ ከስር ያወርደዋል። አዲስ አበባ በበጋ ኤሲ የሚከፍት ሰው ጥቂት ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ይሄን ውሃ አይቶት አያውቅም። ክረምት ሲገባ ግን የመስታወቱን ጉም ለማጥፋት ቁልፉን ስትጫኑ ኤሲው አብሮ ይነሳል፤ ውሃውም ይመጣል። ወደ አዳማና አዋሽ ከወረዳችሁማ ስር በስር ኩሬ ብታገኙ አይግረማችሁ። ሂት ፓምፕ (እንደ ተገለበጠ ኤሲ ሆኖ የሚያሞቅ) ያላቸው ደግሞ በብርድ ጠዋት ማሞቂያ ሲከፈት ፊት ለፊት ያለው ራዲያተር ላይ በረዶ ሊይዙ ይችላሉ፤ ሲቀልጥ ይንጠባጠባል። ከላቫጆ የወጣች መኪናም ከስር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ውሃ ስለሚይዝ ለሰዓታት ታንጠባጥባለች።

ሙከራው እንዲህ ነው። ካርቶን ፈልጉ፤ የዘይትም የብስኩትም ቢሆን ችግር የለውም። ዘርግታችሁ ከመኪናዋ ስር አስገቡት። የፊት ጎማዎቹ የት እንደሆኑ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ አለበለዚያ ጠዋት ስታወጡት የቱ ቀኝ የቱ ግራ እንደሆነ ይጠፋችኋል። አንድ ሌሊት ቻርጅ ሳታደርጉ፣ ሌላ ሌሊት ቻርጅ እያደረጋችሁ፣ በየጊዜው አዲስ ካርቶን እየቀየራችሁ ሞክሩ። ከዚያ ጓንት አድርጉና ነጭ ሶፍት በጠብታው ላይ ነካ አድርጉ። ውሃ ከሆነ ሶፍቱ ሲደርቅ ምንም አይቀርበትም። ኩላንት ቀለም አለው፤ ሮዝ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ጣት ላይ ይለጠፋል፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። የድሮ መካኒኮች በምላስ ነክተው ይለዩት ነበር። እንዳታደርጉት! መርዝ ነው። ውሻና ድመት ጣፋጭነቱ ስቧቸው ይልሱትና ይሞታሉ። መሬት ላይ ካገኛችሁት ወዲያው በውሃ አጥባችሁ አጽዱት።

አንድ የራይድ ሹፌር ያመጣት ነጭ መኪና ነበረች። ጠብታው ከሹፌሩ ወንበር በታች ነው። «ጋሼ፣ ባትሪው ነው የሚያፈሰው፣ አለቀልኝ» እያለ ነው የገባው። ቀን ሙሉ ሲሠራባት ደረቅ ናት፤ ማታ ቻርጅ ስታደርግ አድራ ጠዋት እርጥብ። «ልጄ፣ ባትሪህን ተወውና መጀመሪያ ሽፋኑን እንፍታ» አልኩት። ፈታነው። ሽፋኑ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ የደረቀ ሮዝ መስመር አለ፤ ዳር ዳሩ ጨው የመሰለ ቅርፊት ይዟል። መስመሩን እየተከተልን ወደ ፊት ስንሄድ መኪናዋ ውስጥ ካለው ቻርጀር ጋር የተያያዘው የኩላንት ጎማ ጋ ደረስን። ማሰሪያው ላልቷል። ቀን ላይ የሚያፈሳት ትንሽ ስለሆነች እዚያው ትደርቃለች፤ ማታ ግን ቻርጀሩ ሲግል ፓምፑ ይሠራና ጠብታው ይበዛል። ሽፋኑ ላይ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ሄዶ ነው ወንበሩ ስር የወጣው። ማሰሪያ ቀየርን፣ ኩላንት ሞላን፣ ሄደ። ጠብታው የወደቀበትን ቦታ ብቻ አይቶ የባትሪ ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ካለ ይሄን መኪና አስታውሱት።

ሌሎቹ በቦታቸው ይታወቃሉ። ከጎማው በስተጀርባ ያለ፣ ወፍራምና ዘይታም ከሆነ ከካምቢዮው ጎን ያለው «ሲል» የሚባለው ዘይት ያዥ ጎማ ወይም አሞርዛተሩ ነው። እዚያው ሆኖ ቀጭን፣ ቢጫ ያለና የሚያንሸራትት ከሆነ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል አትንዱ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ከነካችሁት ወዲያው ታጠቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በነዳጅ መኪና የፍሬን ዘይት ከማጠራቀሚያው ትንሽ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ሸራው ስላለቀ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛውን የምታቆመው በሞተሩ ስለሆነ ሸራዋ ቶሎ አያልቅም። ስለዚህ የፍሬን ዘይቷ ቶሎ ከወረደ «ሸራ ነው» ተብሎ አይታለፍም፣ ፍሳሽ ይፈለግ።

ጋዝ ግን ካርቶን ላይ አይታይም። የኤሲ ጋዝ ሲያፈስ ቢበዛ መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ የቅባት እድፍ ነው የሚተወው። ይሄ ምን አገባኝ እንዳትሉ፦ ቢዋይዲ ዶልፊንና ዩዋን ፕላስን የመሳሰሉት ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በዚሁ በኤሲ ጋዝ ነው። ጋዝ ሲያልቅ እናንተ ሙቀት ብቻ ይመስላችኋል፤ መኪናዋ ግን ባትሪውን ለመጠበቅ ፈጣን ቻርጅ ላይ የቻርጁን ፍጥነት ትቀንሳለች። ለመሙላት ስትሄዱ ባለሙያውን «የኮምፕረሰሩን (የኤሲ ጋዙን የሚገፋውን ፓምፕ) ዘይት ምን ትጠቀማለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ፒኦኢ የሚባለውን ነው። በነዳጅ መኪና የተለመደው ፓግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ኢንሱሌሽኑን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያመልጥ የሚከለክለውን ሽፋን፣ ያበላሻል። ጥያቄው ግራ ካጋባው አመስግናችሁ ውጡ።

አሁን ስለ ጠርሙሷ። ኮፈን ስር ወይም ሻንጣ ውስጥ የቧንቧ ውሃ በሃይላንድ ይዞ መዞር ልማዳችን ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና እሷን ርሱ። አንዳንድ መኪኖች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የሃዩንዳይና የኪያ ኤሌክትሪኮች፣ ለባትሪው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዓይነት ልዩ ኩላንት ነው የሚወስዱት። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው። መጽሐፏ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ አድርጉ። ማጠራቀሚያው ግልጽ ስለሆነ መክደኛውን ሳትከፍቱ፣ መኪናዋ ስትበርድ፣ ደረጃው የት እንደሆነ በቴፕ ምልክት አድርጉና በስልክ አንሱት። ከሳምንት በኋላ አወዳድሩ። ካልወረደ ያያችሁት ጠብታ ኩላንት መሆኑ አጠራጣሪ ነው።

ከስር ስታዩ ብርቱካናማ ገመድ አትንኩ፤ እሱ ውስጥ ያለው መቶዎች ቮልት ነው። ክሪክ ባትሪው ሆድ ላይ አታስገቡ፤ ጎን ላይ የተሠራላት ቦታ አለ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ስርም አትግቡ።

ጨርሶ የማይሞከሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፦ ሆዷ በድንጋይ ወይም በፍጥነት መቀነሻ ከተመታች በኋላ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለ ሽታ፣ የሚፍለቀለቅ ድምፅ ወይም ጭስ ከመጣ፣ ካርቶን ፍለጋ የለም። ሰው አውርዱ፣ ራቁ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ወደ እሳት አደጋ 939 ደውሉ። ቤዝመንት ውስጥ ከሆነች ሰዉን ይዛችሁ ውጡ። ሁለተኛው፦ ዳሽቦርዱ ላይ የኢንሱሌሽን ማስጠንቀቂያ ካመጣች ወይም ለመሄድ ዝግጁ ነኝ የሚለውን «ሬዲ» አላሳይ ካለች ደጋግማችሁ አትሞክሩ። በጭነት መኪና አስጭኗት እንጂ አታስጎትቷት። ጎማዋ ሲዞር ሞተሩም አብሮ ዞሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

ጋራዥ ስትሰጧት ኩላንት የሚሞላው ሰው አየሩን በኮምፒውተር ፓምፑን እያሠራ እንደሚያስወጣ ጠይቁ። በጆክ ሞልቶ መክደኛ ዘግቶ የሚመልስ ከሆነ አየር ውስጥ ይቀራል፣ በሁለተኛው ቀን ደረጃው ይወርዳል፣ እናንተም ፍሳሹ ተመለሰ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ከመረከባችሁ በፊትም ጎንበስ ብላችሁ የሆዷን ሽፋን እዩ። ብሎኖቹ በሙሉ ገብተዋል ወይ? ሁለት ሦስት ብሎን «ትርፍ ነው» ተብሎ ጋራዥ የሚቀርበት አገር ውስጥ ነን። ጎርፍ ያለበት መንገድ ላይ ያ ሽፋን ተላቆ ከስር ሲጎተት ድምፁ ለብቻው ያስደነግጣል።