ተከራይ ያለበት ቤት ሲገዙ በየበሩ ያንኳኩ

ሐዋሳ ውስጥ ተከራዮች ያሉበትን ግቢ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱን ተከራይ ራሳችሁ አነጋግሩ። በደላላው ወይም በሻጩ ቃል ብቻ አትተማመኑ።

እኔ ታቦር ክፍለ ከተማ ቤት ስገዛ፣ ሻጩ አንዲት እናት የአራት ወር ኪራይ እንዳለባቸው ነገረኝ። ሄጄ ስጠይቃቸው፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ በራሳቸው ገንዘብ አስጠግነው ከኪራዩ ሊታሰብላቸው ተስማምተው ኖሯል። ደረሰኙንም አሳዩኝ። ሳልጠይቅ ብገዛ ኖሮ የሌለባቸውን ዕዳ ልጠይቃቸው ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለዚህ የወር ኪራዩን፣ እስከ የትኛው ወር እንደተከፈለ፣ አስቀድሞ የተሰጠ ገንዘብ መኖሩን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሻጩም ተከራዩም ይፈርሙበት። ያለፈው ውዝፍ ኪራይ በመሠረቱ የሻጩ ገንዘብ ነው። ለእናንተ የሚተላለፍ ከሆነ በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ተከራዩም በጽሑፍ ይወቀው። ካላወቀ ለቀድሞው ባለቤት ከፍሎ ነፃ ሊወጣ ይችላል። በእኔ እምነት ግን ውዝፉን እዚያው ለሻጩ ትቶ ከስም ዝውውሩ ቀን ጀምሮ ያለውን ኪራይ ብቻ መቀበል ይሻላል። ከጎረቤት ጋር በሰው ዕዳ መጣላት ከባድ ነው።

የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ሒሳብም አይረሳ፤ የመጨረሻውን የክፍያ ደረሰኝ ከሻጩ ተቀበሉ።