የሚጮህ ፍሬን፦ ከመፍታት በፊት ማዳመጥ

ፍሬን ሲጮህ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ሸራ ያስቀይራል። ጩኸቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ሲይዝ ከሚፈጠር ንዝረት ነው፤ የንዝረቱ ምክንያት ካልተነካ አዲሱም ሸራ ይጮሃል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ድምፁን ይለዩ።

ጠዋት ጮኾ ፍሬን ጥቂት ጊዜ እንደተያዘ የሚጠፋ ከሆነ፣ እርጥበት በዲስኩ ላይ ያመጣው ስስ ዝገት ነውና ይተዉት። ቀኑን ሙሉ ቀጭን ሲጥታ ካለ ሸራው ይታይ፤ በአንዳንድ ሸራዎች ላይ ሲሳሱ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ የተሠራች ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ከሆነ ግን ሸራው አልቋልና መኪናውን አይንዱት።

1. መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ሥር ታኮ ያድርጉ። የጎማውን ዳዶዎች (ማሰሪያ ብሎኖች) ካላሉ በኋላ በክሪክ ያንሱና በማቆሚያ ይደግፉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም።

2. ጎማውን አውልቀው የሸራውን ውፍረት፣ የጀርባውን ብረት ሳይጨምሩ፣ ይለኩ። ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ በአንድ አክስል ላይ ያሉትን የግራና የቀኝ ሸራዎች አብረው ይቀይሩ። የውስጡ ሸራ ከውጭው በጣም ከሳሳ፣ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን በዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ወይም ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ሳይጣበቁ አልቀሩም።

3. ካሊፐሩን ሲፈቱ በሽቦ ያንጠልጥሉት እንጂ በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል። አቧራውን በአየር አይንፉ፤ ለሳንባ ጎጂ ነው። በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ይጠቡት።

4. አብዛኛው ጩኸት የሚወገደው እዚህ ነው። ሸራው የሚቀመጥባቸውን የብረት ጠርዞች በሽቦ ብሩሽ ፍቀው ዝገቱን ያንሱ፤ ፒኖቹንም አውጥተው ይጥረጉ። ከዚያ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ በስሱ ይቀቡ፦ በፒኖቹ ላይ፣ በሸራው ጆሮዎች (በብረት ጠርዞቹ ላይ በሚቀመጡት ጫፎቹ) ላይ፣ ፒስተኑ በሚነካው የሸራው ጀርባ ላይ። ተራ ግሪስ የፒኖቹን የጎማ መሸፈኛ ስለሚያሳብጥ አይጠቀሙ። ዲስኩን በሚይዘው የሸራው ፊት ላይ ጠብታም አይረፍ። «ዘይት ጠብ ብታደርግበት ዝም ይላል» የሚል ምክር ከሰሙ እውነት ነው፤ መኪናውም ዝም ብሎ ይሄዳል፣ አይቆምም።

5. ሸራው መስተዋት መስሎ ካብለጨለጨ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ያሻክሩት። ዲስኩ በጥልቀት ከተቦረቦረ ወይም በላዩ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ከሆነ ይቀየር።

ገጥመው ሲጨርሱ፣ ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ፤ ይህን የዘነጋ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ይሆንበታል። አዲስ ሸራ ካስገቡ ጭር ባለ መንገድ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስምንት ያህል ጊዜ በዝግታ ይቀንሱ፤ በየመሃሉ ዲስኩ እንዲበርድ ትንሽ ይንዱ። በእነዚህ ዙሮች መሐል የሚሰማ ቀላል ድምፅ አያስደንግጥዎ። ከሳምንት በኋላም ካልተወ ካሊፐሩን ለመካኒክ ያሳዩ።